በእሳት የሚቀዘቅዝ ፍሪጅ

ፍሪጅ በእሳት ይቀዘቅዛል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም ነበር። ሩሎቱን የሸጠልኝ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ከውጪ በኩል ተንበርክኮ የፕላስቲክ ፍርግርጓን ነቀለና "ጠጋ በል፣ እይ" ሲለኝ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ነበልባል አየሁ። "በረዶውን የምትሠራልህ ይቺ ናት" አለኝ። ሳቅኩበት። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

ሩሎት ማለት በመኪና የሚጎተት፣ ጎማ ያለው ጠባብ ቤት ነው። ጣሊያኖች በበጋ ለሽርሽር ይጎትቱታል፤ እኔና ባለቤቴ ሰናይት ደግሞ ክረምት ከበጋ እንኖርበት ነበር። የቆመው ሮም ዳርቻ፣ ሮማኒና ውስጥ፣ ከአንድ የመኪና ቀጥቃጭ ጋራዥ ጓሮ ነው። ፍሪጁ በመብራትም በጋዝም ይሠራል። መብራት ሲኖር በመብራት፣ መብራት ሲጠፋ ወይም መንገድ ላይ ሲሆን በጋዝ ሲሊንደር።

ሽማግሌው ሳቄን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጣቱን ቀስሮ ሁለቱን ፍርግርጎች አሳየኝ፤ አንዷ ከታች፣ አንዷ ከላይ። "የታችኛዋ አየር ታስገባለች፣ የላይኛዋ ጭሱን ታስወጣለች። ከዘጋሃቸው እሳቱ ይታመማል። የታመመ እሳት የሚተፋው ጭስ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ዝም ብሎ ያስተኛሃል። ገባህ?" ገብቶኛል አልኩት። እውነትም ገብቶኝ ነበር፤ ችግሩ የገባኝ ለኔ ብቻ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ሥራዬ ባዳንቴ ነበር፤ አዛውንት መንከባከብ ማለት ነው። አገር ቤት ውሃ አቅርብ ሲሉኝ የማኮርፍ ልጅ፣ ሮም መጥቼ ሲኞር ኤንዞ የሚባሉ ሽማግሌ ገላ አጥባለሁ፣ ጫማ አስራለሁ፣ ሾርባ አጎርሳለሁ። እናቴ ብታየኝ በእልልታ ታቀልጠው ነበር። እሳቸውም ወደውኛል፣ እኔም ወድጃቸዋለሁ። በሰኔ ሙቀት አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው "ዳዊት፣ መስኮቱን! ኮልፖ ዳሪያ!" ይሉኛል። ኮልፖ ዳሪያ የሚሉት እኛ "ንፋስ መታኝ" የምንለውን ነው። እኛና ጣሊያኖች ብዙ ነገር ባንስማማም ንፋስን በመፍራት ግን አንድ ነን።

ንፋስን በመፍራት ሲኞር ኤንዞን የሚያስንቅ ሰው ግን እኔው ቤት ነበር። አደይ ለተብርሃን ይባላሉ። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሮም ያለን ሐበሾች ሁሉ እንዲያ ነው የምንጠራቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ካቶሊክ፣ ልጅ ሳይወልዱ የስንቱን ሴት አራስ ቤት የጠበቁ ሴት ናቸው። ሰናይት ወንድ ልጃችንን ስትወልድ ማንም ሳይጠራቸው፣ አንዲት ቦርሳ ይዘው ከሰላም ፓላስ መጡ። ሰላም ፓላስ ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ስደተኛ ገብቶበት የሚኖር የድሮ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነው። "እናቷ እስክትመጣ እኔ አለሁ" አሉ። እናቷ እንደማትመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚያች ቦርሳ ልንገራችሁ። አደይ ሰላም ፓላስ ከመግባታቸው በፊት የሚኖሩበት ሌላ ሕንፃ ነበር። አንድ ማለዳ ፖሊስ በሩን ሰብሮ ገባና ሁሉንም አስወጣቸው። ይህን ነገር ጣሊያኖች ስጎምቤሮ ይሉታል። አደይ በባዶ እግራቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው አስፋልት ላይ ቆሙ፤ የእናታቸው ፎቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሄዱበት ሁሉ ልብሳቸውን ከቦርሳ አያወጡም። ጫማቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው ነው የሚተኙት። እኛ ቤት በገቡ በሳምንታቸው ግን ሰናይት ስትነቃ የአደይ ቀሚሶች በኛ ጠባብ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅለው አየች። ስትነግረኝ እንባዋ መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሸሚዞቼ የት እንደሄዱ ባላውቅም።

አራስ ቤት ወንድ ቦታ የለውም። ጋራዡ ታዛ ሥር በታጣፊ አልጋ እተኛ ነበር። ገንፎ ሲበላ እጠራለሁ፤ ሲያልቅ እባረራለሁ። በሩ ሲከፈት "ዝጋው! አራስ ናት!" ይላሉ አደይ። መስኮት አይከፈትም፣ መጋረጃ አይገለጥም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ስንት ጠብ ያስነሳው የመስኮት ነገር ሮም ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አደይ ስኳር ስላለባቸው ኢንሱሊናቸው ፍሪጁ ውስጥ፣ ከሰናይት ቅቤ ጎን ተቀምጧል። ከዚያ ፍሪጅ ሌላ መድኃኒቱን የምናኖርበት ቦታ አልነበረንም።

በሰኔ ውስጥ የበዓል ቀናት ተገጣጠሙና የጋራዡ ባለቤት ዘግቶ ወደ መንደሩ ሊሄድ ሆነ። ሲሄድ ደግሞ እሳት ስለሚፈራ የጓሮውን መብራት ከዋናው ያጠፋል። በዚያው ሰሞን የሲኞር ኤንዞ ልጅ ሲኞራ ፓኦላ አባቷን ባሕር ዳርቻ ያለ ቤታቸው ልትወስድ ፈለገች፤ እኔም አብሬ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድም ብል በማግስቱ ሌላ ባዳንቴ ይገኛል። ስለዚህ ፍሪጁን ወደ ጋዝ አዞርኩት። ተንበርክኬ ሰማያዊዋን ነበልባል አየሁ፣ ሲሊንደሩን ነቅንቄ መሙላቱን አረጋገጥኩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ፣

"አደይ፣ ከውጪ ያሉትን ሁለት ፍርግርጎች፣ የጣሪያዋንም የአየር ቀዳዳ እንዳትነኳቸው እሺ?" አልኩ።

"እሺ ልጄ። ሂድ፣ በሰላም ግባ።"

ለምን እንደማይነኩ አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሽማግሌው ለኔ የነገረኝ ስለ ሞት ነው። አራስ ቤት ውስጥ ሞት አይጠራም። እንኳን ሞት፣ በሽታም አይጠራም። አራሷ ትደነግጣለች፣ ይባላል። ሰናይት ሕፃኑን አቅፋ ስትስቅልኝ "ይህ ከተደፈነ ትሞታላችሁ" የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ግንባሯን ሳምኩና ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሲኞር ኤንዞ ሰገነቱ ላይ ሻርፓቸውን ለብሰው ባሕሩን ያያሉ። ከማታ ጀምሮ ኃይለኛ ንፋስ ነበር፤ የባሕር ዳርቻው ጃንጥላዎች ጨርቅ ሲርገበገብ ይሰማል። ወደ ቤት ደወልኩ።

"ሰኒ፣ እንዴት ዋላችሁ?"

"ደህና..." አለች ሰናይት። ድምጿ ከሩቅ ይመጣል። "ራሴን ነው እንጂ።"

"ምን ሆነሽ?"

"እንጃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይወቅረኛል። ያቅለሸልሸኛል። አደይ አራስነት ነው ብለውኛል።"

"እሳቸውስ?"

"ተኝተዋል። አዞራቸው። ስኳራቸው ነው መሰለኝ።"

"ልጁስ?"

ሳቀች። ሳቋ የሰካራም ሳቅ ይመስል ነበር። "እሱማ መልአክ ሆኗል! ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳን ልጅ ለጥ ብሎልኛል። ጡት ላጥባው ብቀሰቅሰው እንኳ አልነቃ አለኝ።"

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ተኛላት ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን መቁጠር ጀመርኩ። ሦስቱም በአንድ ቀን? እያንዳንዱ ምክንያት አለው፤ ለሰናይት አራስነት፣ ለአደይ ስኳር፣ ለልጁ መልካም እንቅልፍ። ሦስቱም በአንድ ቀን ግን?

"ሰኒ፣ እዚያም ንፋስ አለ?"

"ማታማ ሊገነድሰን ነበር። ከፍሪጁ ሥር እየገባ እግሬን ሲነካኝ አደይ ወጥተው ደፈኑት።"

"ምኑን ደፈኑት?"

"ፍርግርጎቹን። በአሮጌ ፎጣና በላስቲክ ጠቅጥቀው ዘጓቸው። የጣሪያውንም ቀዳዳ በትራስ ወትፈውታል። አሁን ጭጭ ብሏል።"

"አትንኩ ብዬ አልነበረም?" ጮህኩ።

"ብያቸዋለሁ ዳዊቴ። 'ወንድ ስለ አራስ ምን ያውቃል' አሉኝ። ታዲያ ምን ልበላቸው?"

ምንም ልትላቸው አትችልም። እኔም ብሆን ምንም አልላቸውም ነበር። ሐበሻ ነና! በእናታችን ዕድሜ ያለችን ሴት ተሳስተሻል የሚል አንደበት አልተፈጠረልንም።

"ሰኒ ስሚኝ፣ ልጁን ያዢና ውጪ። አሁኑኑ ደጅ ውጪ።"

"ጉልበቴ... ልነሳ ስል ይከዳኛል። ትንሽ ልተኛና..."

"እንዳትተኚ! ስልኩን ለአደይ ስጪያቸው! ሰኒ!"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የአደይ የእንቅልፍ ድምፅ መጣ።

"አቤት ልጄ።"

"አደይ፣ እባክዎ፣ ሰናይትንና ልጁን ይዘው ቶሎ ወደ ደጅ ይውጡ።"

"ደጅ? በዚህ ንፋስ? አራስ ይዤ?"

"ቤቱ በመርዝ ተሞልቷል! የደፈኑት የጭስ መውጫ ነው። ልክ እንደ ከሰል ነው አደይ፣ ቤት ዘግተው ከሰል ሲያነዱ ሰው እንደሚታፈነው።"

"ከሰል?" አሉ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። "ከሰል የት አለ ዳዊት? ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ይሄ እኮ ፍሪጅ ነው። በረዶ የሚሠራ ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ያፍናል?"

"በእሳት ነው የሚሠራው!"

"ፀሐይ መታህ እንዴ ልጄ? ጥላ ሥር ግባ።"

"አደይ በእግዚአብሔር! በሩን ብቻ ይክፈቱት!"

"አሎራ፣ እንግዲህ ስማ። እኔ ስንት አራስ አንስቻለሁ። አንተን የወለደችህም አራስ ሆና ደጅ አልወጣችም። አሁን ራሴ እየዞረ ነው፣ ትንሽ ጋደም ልበል። ስንነቃ እንደውላለን፣ እሺ? ቫ ቤኔ?"

ስንነቃ! ይህን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ስልኩን ሊዘጉ ነው። ከዘጉት ማንም አያነሳውም፤ ይህን እንደ ስሜ አውቅ ነበር። እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ እውነቱ ግን አይታይም፣ አይሸትም። የሚያዩትና የሚፈሩት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አሰብኩበት ብል እዋሻለሁ።

"አደይ! ስጎምቤሮ ነው! ፖሊስ እየመጣ ነው! ጋራዡን ሊያፈርሱ ነው፣ ደውለው ነገሩኝ፣ ደርሰዋል!"

ትንፋሻቸው ቀጥ አለ።

ከዚያ የሰማሁት ድምፅ የአደይ ድምፅ አይደለም፤ የሌላ፣ በጣም ወጣት የሆነች ሴት ድምፅ ነው። "ተንስኢ! ተንስኢ ጓለይ!" ይላሉ በትግርኛ፤ ተነሺ ልጄ ማለታቸው ነው። ስልኩ ወለል ላይ ወደቀ። ዕቃ ተንኳኳ፣ ሰናይት ቃተተች፣ በሩ ከግድግዳው ጋር ሲላተም ጓ አለ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የንፋስ ድምፅ ሰማሁ። ንፋሱ ቤቱ ውስጥ እየገባ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

ወደ ድንገተኛ እርዳታ ደወልኩ። በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ አድራሻውን ሦስቴ ደጋገምኩ፤ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ አምቡላንስ እንደወጣ ነገረችኝ። "አየር ቢያገኙም በቂ አይደለም" አለችኝ። "መርዙ ደማቸው ውስጥ ነው። ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፣ በተለይ ሕፃኑ። እዚያው ጠብቁ በላቸው።" ልበላቸው እንዴት? ስልኩ ወለል ላይ ነው።

ሲኞራ ፓኦላ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። አባቷን ብቻቸውን መተው ስለማይቻል እሳቸውም ከነሻርፓቸው ከኋላ ገቡ። መንገዱ ላይ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሲኞር ኤንዞ "ኮልፖ ዳሪያ" ሊሉ ጀመሩና በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ሲያዩ ተዉት። ከተማዋን የሚዞረው ትልቁ መንገድ፣ ራኮርዶ፣ ላይ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። መሪውን ነጥቄ በሰው ላይ ብነዳው ደስ ባለኝ። ሲኞራ ፓኦላ ለአደጋ ጊዜ ብቻ የተተወውን የዳር መስመር ይዛ ነዳችው።

ስልኬ ጮኸ። የአምቡላንሱ ሰዎች ነበሩ።

"ደርሰናል" አለ ሰውየው። "ሩሎቱ ክፍት ነው። ሰው ግን የለም።"

"ፈልጉ! ቅርብ ናቸው!"

"ሳይረናችንን እያሰማን ነው የገባነው፤ ማንም አልወጣም።"

ሳይረን። ፖሊስ እየመጣ ነው ብያቸዋለሁ፤ ይኸው ሳይረን መጣ። አደይ አሁን ተደብቀዋል። እሳቸው ደግሞ መደበቅ የተማሩ ሴት ናቸው። ከሩሎቱ ያወጣቸው ውሸቴ አሁን ከሚያድናቸው ሰው እያሸሻቸው ነው። ወይ ዳዊት! አንዱን ቀዳዳ ስትከፍት ሌላውን ደፈንከው አልኩ ለራሴ።

ጋራዡ ጋ ስንደርስ መኪናው ሳይቆም ዘለልኩ። በሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሰናይት አንድ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ወድቋል። ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ ከፍርግርጓ ውስጥ ፎጣውን መዘዝኩት፤ ግማሹ ጠቁሯል። ቁምሳጥኑ ክፍት ነው፤ የአደይ ቀሚሶች እዚያው ተሰቅለዋል። ቦርሳዋም አለች። ልብስ አልያዙም፣ ቦርሳ አልያዙም፤ የያዙት የኔን ሰዎች ብቻ ነው።

የእርዳታ ሠራተኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ ወጣት ሴት ናት። መንገዱን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን ሁሉ አይተዋል። እኔ ግን ቆሜ እንደ አደይ ለማሰብ ሞከርኩ። ፖሊስ በዋናው በር ይመጣል። ስለዚህ በጓሮ ነው። ከጋራዡ ጀርባ የሽቦ አጥሩ የተቀደደበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቦይ፣ ቦዩን ተከትሎ ሰው የሚውጥ የሸምበቆ ጫካ፣ ከዚያ በላይ ራኮርዶው ይጮሃል። ሽቦው ላይ የሰናይት ነጠላ ክር ተሰቅሎ አገኘሁ።

"አደይ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰኒ! እኔ ነኝ! ፖሊስ የለም፣ ውጡ!"

ሸምበቆው ይንሿሿል እንጂ መልስ የለም።

"አደይ ውሸቴን ነው! ውጡ፣ ምንም አትሆኑም!"

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ምላሴን ነከስኩ። አደይ የዚያን ማለዳ ታሪክ ሲያወሩ የሚደግሙት አንድ ነገር አለ። ፖሊሶቹ አንድ ሐበሻ አስተርጓሚ ይዘው መጥተው ነበር፤ በየክፍሉ የተደበቁትን በድምፅ ማጉያ፣ በጣፋጭ አማርኛ "ውጡ፣ ምንም አትሆኑም" እያለ ሲጠራቸው የነበረው እሱ ነው። አምነውት ወጥተው ነው አስፋልት ላይ የቀሩት። እኔም አሁን በዚያው ቃል እየጠራኋቸው ነው፤ ከኋላዬም የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሬዲዮናቸው እየተንጫጫ ቆመዋል። በጮህኩ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ዝም ይላሉ። እዚያው ዝም እንዳሉ ደግሞ ሊያልቁ ይችላሉ።

"ሬዲዮውን አጥፉልኝ" አልኳቸው። ወጣቷ ልትከራከር ስትል "ፔር ፋቮሬ" ብዬ ለመንኳት። አጠፋችው።

ቆምኩ። መጮህ ተውኩ። ከላይ የመኪናው ድምፅ፣ ከታች ንፋሱ። ለካ ሰው ሲጨንቀው ጆሮው እንደ ውሻ ጆሮ ይሆናል። "አምላኬ፣ የኔን ቃል ተወው፤ ልጄን አስጩኸው" አልኩ። ከዚያ በፊት ልጄ እንዲያለቅስ ጸልዬ አላውቅም፤ ሌሊት ሌሊት ዝም እንዲል ነበር የምጸልየው።

መጀመሪያ የድመት ግልገል መሰለኝ። ቀጭን፣ የታፈነ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ። ከዚያ ጠነከረ።

ሸምበቆውን በደረቴ እየሰበርኩ ሮጥኩ። ፊቴን ሲቆራርጠው አልታወቀኝም። አደይ ቦዩ ጠርዝ ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል፤ በባዶ እግራቸው። ጫማቸው፣ ያ ዘወትር አፍንጫው ወደ በር የሚዞረው ጫማ፣ ሰናይት እግር ላይ ነው። የሰናይት ራስ ጭናቸው ላይ ነው፤ ዓይኗ ገርበብ ብሏል፣ ግን ትተነፍሳለች። ልጁን በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል፤ መዳፋቸውን አፉ ላይ፣ ሳይጫኑ፣ ድምፁን ሊሸፍኑ ያህል ጣል አድርገውታል። እኔን ሲያዩ በሌላኛው እጃቸው ክንዴን ይዘው ወደ ታች ጎተቱኝ።

"ዝቅ በል ልጄ" አሉ በሹክሹክታ። "ዝቅ በል፣ አንተንም ያዩሃል።"

አለቀስኩ። አላፍርም፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ እንደ ልጄ አለቀስኩ።

"አደይ፣ ፖሊስ የለም። የመጡት ሐኪሞች ናቸው። ዋሽቼዎት ነው።"

ክንዴን ለቀቁት። "ውሸት?"

"አልወጣ አሉኝ።"

መዳፋቸውን ከልጁ አፍ ላይ አነሱ። ልጄ እዚያ ሸምበቆ ውስጥ፣ ራኮርዶውን የሚያስንቅ ጩኸት ጮኸ። ወጣቷ የእርዳታ ሠራተኛ ከኋላዬ እየሮጠች "ብራቮ! ብራቮ! አልቅስ!" ትላለች።

ሆስፒታል ሦስቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። ለልጄ የተደረገችው መተንፈሻ ፊቱን በሙሉ ትሸፍነዋለች። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ "ሩሎቱ ውስጥ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም። ሲኞራ ፓኦላ እስኪመሽ ኮሪደር ላይ ጠበቀችን፤ ሲኞር ኤንዞ ደግሞ ያን የማይለያቸውን ሻርፕ ፈትተው የአደይን ባዶ እግር ሸፈኑበት።

ዳኑልኝ። ሦስቱም ዳኑልኝ። ልጄ ዛሬ ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ በጣሊያንኛ ያርመኛል።

ይህን ለምን አጫወትኳችሁ? ከእናንተ ውስጥ ሩሎት ያለው ጥቂት ነው። ግን ሁላችሁም ቤት አንድ የማይታይ፣ የማይሸት ነገር አለ፤ ለታላላቆቻችሁ መናገር ያለባችሁ፣ ግን "ምን ብዬ? ያዝኑብኛል፣ ነውር ነው" ብላችሁ የዋጣችሁት። እኔ አክብሬያቸው ነው ያልነገርኳቸው። ለካ ሰውን ማክበር "እንዳትነኩ እሺ?" ብሎ መሄድ አይደለም። ቁጭ ብሎ፣ ነበልባሏን አሳይቶ፣ ምክንያቱን መንገር ነበር። ሩሎቱን ቆይቼ ለአንድ አዲስ መጪ ስሰጠው ከውጪ አንበርክኬ ሁሉንም አሳየሁት፤ ሞት የሚለውን ቃልም አልዘለልኩትም። የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም አብሬ ገጥሜለታለሁ።

የአደይን ነገር ግን ገና አልጨረስኩላችሁም። ከሆስፒታል ስንመለስ አራስነቱን ሊጨርሱ አብረውን መጡ። ገንፎውንም አገነፉ፣ ልጁንም አጠቡ። ለኔ ግን ከእሺና ከእምቢ በቀር አላነጋገሩኝም። በማግስቱ ሰናይት ቁምሳጥኑን ስትከፍት ቀሚሶቹ የሉም፤ ተመልሰው ቦርሳ ገብተዋል። ሌሊት ላይ ደግሞ አደይ ከነጫማቸው እንደሚተኙ ነገረችኝ።

ክርስትናው በሚነሳበት ማለዳ፣ ልጁን አስይዘውኝ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ አደይ" አልኩ።

"ተነስ። ልጅህን አድነህ ይቅርታ ትጠይቃለህ?"

"ያልኩዎት ቃል..."

አደይ አልጋው ላይ ተቀመጡ። በሩ ክፍት ነበር፤ ንፋስ ይገባል፤ ዝጋው አላሉኝም።

"ያን ቀን እኔ የሮጥኩት ከዚህ ቤት አይደለም ዳዊት። ከዚያኛው ሕንፃ ነው። ረስቼው ነበር፤ እናንተ ጋ መጥቼ ረስቼው ነበር። አሁን ሌሊት ሌሊት በሩ ይንኳኳብኛል።"

እውነቱን ነግሬዎት እምቢ አሉ እኮ፣ የሚል መልስ ምላሴ ላይ ነበር። ግን እውነቱን የነገርኳቸው በስልክ፣ እየጮህኩ፣ መርዙ ራሳቸውን ካዞረው በኋላ ነው። ጊዜ ሳለ፣ ፊት ለፊት ቆመን ሳለ፣ ያልኩት "አትንኩ" ብቻ ነው። ልጁ እጄ ላይ ተነጫነጨ። አደይ ተቀበሉኝና ጉንጩን ነካ አደረጉት።

"ለዚህ ስል ይቅር ብያለሁ" አሉ። "ሁለተኛ ግን በዚያ ቃል አትጥራኝ። እውነቱን ንገረኝ። ባይገባኝም እወጣለሁ።"